ሁለት ገበሬዎችና 50 ኪሎ ድንች
የፒየር ዡል ቡላንዤ የሕይወት ታሪክ

ስለ ታላላቅ ሰዎች በምንማርበት ጊዜ አብዛኛውን የምናነበው ጦር ስለ መሩ፥ አገር ስላቀኑ ወይም አዲስ ምድር ስላገኙ ሰዎች ነው። እኛ ግን በዚህ በትምህርት ቤታችን የኢዮቤልዩ መጽሔት ላይ ልናስታውሰው የመረጥነው ሰው ዙፋን ያልወረሰ፥ ጦር ያልመራ፥ የጀመረውን ትምህርት እንኳ ለመፈጸም ያልታደለ ሰው ነው። ይህ ሰው ፈረንሳዊው ፒየር ዡል ቡላንዤ ነው። የታወቀበትም ሥራ ጥቂት ቤንዚን የምትጠጣ አንዲት ትንሽ መኪና ናት።

እስቲ አስቀድመን በሐሳባችን ወደ ፈረንሳይ አገር እንሂድ። ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የ1950ዎቹ አጋማሽ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። ጊዜው የበጋ ዕረፍት ነው። ወደ ተራራው በሚወጣው መንገድ ላይ አንዲት ጉብጥ ያለች ግራጫ መኪና ቀስ እያለች ትሄዳለች። በውስጧ አባት፥ እናትና ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል። ከኋላዋም ድንኳን፥ ብርድ ልብስና ድስት የተጫነባት ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ተሳቢ ተያይዛለች። ትልልቆቹ መኪናዎች ጥሩምባቸውን እየነፉ አልፈዋት ይሄዳሉ። ሲመሽ ግን ያ ቤተ ሰብ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ከሐይቁ ዳር ይደርሳል፤ ድንኳኑን ይተክላል፤ የመኪናዋንም ወንበሮች ነቅሎ በሣሩ ላይ አስቀምጦ እራቱን ይበላል። የሞተሯ ኀይል 12 ፈረስ ጉልበት ያህል ብቻ የሆነች መኪና ይህን ሁሉ ልትጎትት እንዴት ቻለች? ብዙ ገንዘብ የሌለውስ ቤተ ሰብ እንዴት የመኪና ባለቤት ሊሆን በቃ? መልሱን ለማግኘት መኪናዋን ያሰባትን ሰው ሕይወት ከመጀመሪያው መመልከት ያስፈልጋል።

ቡላንዤ በማርች 10 ቀን 1885 በሰሜን ፈረንሳይ ሲን ለ ኖብል በምትባል ስፍራ ተወለደ። በወጣትነቱ የሥነ ጥበብ ትምህርት ጀምሮ ነበረ፤ ነገር ግን እንጀራውን የሚያገኝበት ሥራ ስላስፈለገው ትምህርቱን አቋረጠ። ከ1906 እስከ 1908 የወታደርነት ግዴታውን በሚፈጽምበት ጊዜ ማርሴል ሚሽላን ከሚባል ወጣት ጋር ተዋወቀ። ይህ ወጣት በጎማ ሥራ ከታወቀው ከሚሽላን ቤተ ሰብ የተወለደ ነበረ። ሁለቱ ወጣቶች ወዳጆች ሆኑ፤ ወዳጅነታቸውም ከብዙ ዓመት በኋላ የቡላንዤን የሕይወት መንገድ ለወጠው።

ወታደርነቱን ከፈጸመ በኋላ ባሕር ተሻግሮ ወደ አሜሪካ ሄደ። በዚያም የተገኘውን ሥራ ሁሉ አልናቀም። በከብት እርባታ ቦታ ተቀጥሮ ሠራ፤ ትራም ነዳ፤ በሲያትል ከተማም በአንድ የሕንፃ ሥራ ቢሮ ውስጥ ንድፍ ነዳፊ ሆነ። ከዚያም ወደ ካናዳ አልፎ በቪክቶሪያ ከተማ የራሱን የቤት ሥራ ድርጅት አቋቋመ። እንግዲህ ይህ ሰው በኋላ የትልቅ ፋብሪካ አለቃ በሆነ ጊዜ የሠራተኛውን ድካም በወሬ ሳይሆን በትከሻው ያውቀው ነበረ ማለት ነው።

በ1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ የካናዳ ሥራውን ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። በአየር ኀይል ውስጥ ከአውሮፕላን ላይ የጠላትን ምሽግ ፎቶግራፍ በማንሣት አገለገለ፤ እስከ ሻምበልነት ማዕርግም ደረሰ። ጦርነቱ ሲፈጸም ያ የድሮ ወዳጁ ወደ ሚሽላን ፋብሪካ ጠራው። ፋብሪካው በክሌርሞን ፌራን ከተማ ነበረ። ቡላንዤም በዚያ የሠራተኞችን መኖሪያ ቤቶች በማሠራት ጀምሮ ቀስ በቀስ ከድርጅቱ መሪዎች አንዱ ሆነ።

በዚህ ጊዜ በፓሪስ የሚገኘው የሲትሮኤን የመኪና ፋብሪካ በዕዳ ተይዞ በ1934 መጨረሻ ላይ ወደቀ። ከአበዳሪዎቹ ዋነኛው ሚሽላን ስለ ነበረ ፋብሪካውን ተረከበ። ፒየር ሚሽላን የድርጅቱ አለቃ፥ ቡላንዤም የርሱ ረዳት ሆነው ወደ ፓሪስ ተላኩ። በ1937 ማብቂያ ላይ ፒየር ሚሽላን በመኪና አደጋ ስለ ሞተ፥ በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ የፋብሪካው ኀላፊነት ሁሉ በቡላንዤ ላይ ወደቀ።

በዚያ ዘመን በፈረንሳይ መኪና የባለ ጠጋና የከተማ ሰው ዕቃ ነበረች። ገበሬው ቅቤውንና እንቍላሉን፥ ድንቹንና ዶሮውን ወደ ገበያ የሚወስደው በፈረስ ጋሪ ነበረ። በ1936 ደግሞ ሠራተኛ ሁሉ በየዓመቱ የሁለት ሳምንት ዕረፍት ከነደመወዙ እንዲያገኝ በሕግ ተወሰነለት፤ ብዙ ሠራተኞችም ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማየት ድንኳን ተሸክመው በቢስክሌትና በባቡር ይጓዙ ጀመር። ጕልበቱ ነበራቸው፥ ምኞቱም ነበራቸው፤ የሌላቸው ነገር ለኪሳቸው የምትበቃ መኪና ነበረች።

ቡላንዤ ለመሐንዲሶቹ የሰጠው ትእዛዝ እንደ ሌሎች ፋብሪካዎች አልነበረም። ሌሎቹ አንዲት ትልቅ መኪና ወስደው እያሳነሱና እያረከሱ ለድኻው ይሸጡለት ነበረ። እሱ ግን ከመኪናው አልጀመረም፥ ከሰውዬው ጀመረ እንጂ። መኪናዋ ከነእንጨት ጫማቸው ሁለት ገበሬዎችንና 50 ኪሎ ድንች ትሸከም፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ትሂድ፤ ለ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ቤንዚን ይብቃት፤ አዲስ ነጂ ሳይቸገር ይንዳት፤ በታረሰ ማሳ ላይ ስታልፍም በቅርጫት የተጫነው እንቍላል አይሰበር አለ። መልኳ ማማሩ ወይም አለማማሩ ከቍጥር አልገባም ነበረ። መሐንዲሶቹ ይህን በሰሙ ጊዜ ሊሆን የማይችል ነገር የታዘዙ መሰላቸው።

ቡላንዤ ግን ከቃሉ ፈቀቅ አላለም። ቤንዚን የሚበላው ክብደት ስለ ሆነ እያንዳንዱን የመኪናዋን ብልት እየመዘነ ሥራውን ሳያበላሽ የሚያቀልል አንድ ልዩ ክፍል አቋቋመ። በመጀመሪያዎቹ የሙከራ መኪናዎች ላይ ወንበሮቹ ከጣራው በሽቦ የተንጠለጠሉ እንደ አልጋ ያሉ ጨርቆች ነበሩ፤ የፊት መብራቱም አንድ ብቻ ነበረ፤ የጊዜው ሕግ ከአንድ በላይ አያስገድድምና። ቡላንዤ ቁመቱ ረዥም ነበረ፤ መኪናዋንም ሊሞክር ሲመጣ ባርኔጣውን አያወልቅም ነበረ። ባርኔጣው ከጣራው ጋር ከተጋጨ ሥራው እንደ ገና ይጀመራል። ገበሬ እሑድ ዕለት ባርኔጣውን አድርጎ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ አልረሳም። ሙከራው ሁሉ የሚደረገው ላ ፌርቴ ቪዳም በሚባል በግንብ በታጠረ ሰፊ ቦታ ውስጥ በምስጢር ነበረ።

በ1939 ዓ.ም. ሥራው ተፈጸመ። 250 መኪናዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተሠርተው በዚያው ዓመት በኦክቶበር በፓሪሱ የመኪና ትርኢት ላይ እንዲቀርቡ ታስቦ ነበረ። ነገር ግን በሴፕቴምበር 3 ቀን ፈረንሳይ ከጀርመን ጋር ጦርነት ውስጥ ገባች። ትርኢቱ ቀረ። በተከታዩ ዓመት የጀርመን ጦር ፓሪስን ያዘ፤ ፋብሪካውም በጠላት እጅ ሥር ወደቀ።

የአንድ ሰው ጠባይ የሚፈተነው በእንደዚህ ያለው ጊዜ ነው። ጀርመኖች ስለ ትንሿ መኪና ሰምተው ንድፏን ለማየት ፈለጉ። ቡላንዤ እምቢ አለ። የሙከራ መኪናዎቹ አብዛኞቹ እንዲጠፉ፥ ጥቂቶቹም እንዲደበቁ አደረገ። የጀርመኑን የመኪና መሐንዲስ ፌርዲናንድ ፖርሸን ለመገናኘት አልፈቀደም፤ ከጀርመን ባለሥልጣኖችም ጋር በአማላጅ ካልሆነ በቀር አይነጋገርም ነበረ። ለጀርመን ጦር የሚሠሩት የጭነት መኪናዎች ሥራ ሆን ተብሎ እንዲዘገይ አደረገ። በጭነት መኪናዎቹ የዘይት መለኪያ ዘንግ ላይ ያለው ምልክት ከትክክለኛው ቦታ ዝቅ ተደርጎ ይሠራ እንደ ነበረም ይነገራል፤ እንዲህ ያለው መኪና ዘይቱ ሳይሞላ ሞልቶ ስለሚታይ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሞተሩ ተቃጥሎ መንገድ ላይ ይቀራል። ፓሪስ በ1944 ነጻ በወጣች ጊዜ በጀርመን የምስጢር ፖሊስ ቢሮ ውስጥ የጠላቶች ስም ዝርዝር ተገኘ፤ የቡላንዤም ስም በዚያ ላይ ተጽፎ ነበረ።

ከጦርነቱ በኋላ አገሪቱ ደኽይታ ነበረች። አሉሚኒየም በመወደዱ መኪናዋ በብረት እንደ ገና መነደፍ ነበረባት። አንድሬ ለፌቭር ጠቅላላውን ሥራ መራ፤ ጣሊያናዊው ፍላሚንዮ ቤርቶኒ መልኳን አስተካከለ፤ ዋልተር ቤኪያም በውሃ ሳይሆን በነፋስ የሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ሲሊንደር አዲስ ሞተር ሠራላት። ቡላንዤ ብዙ ማርሽ አዲሱን ነጂ ያስፈራዋል ብሎ ከሦስት በላይ እንዳይሆን ይፈልግ ነበረ፤ በመጨረሻ ግን መኪናዋ ባለ አራት ማርሽ ሆና ወጣች። አጥብቆ የሚያዝ ሰው በሚገባው ጊዜ የሌላውን ምክር መስማት እንደሚችል ከዚህ እናያለን።

በኦክቶበር 7 ቀን 1948 በፓሪሱ ትርኢት ላይ መጋረጃው ተገለጠ። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ቬንሳን ኦሪዮል በነበሩበት ፊት ግራጫዋ መኪና ታየች። ስሟ ደ ሸቮ፥ ማለትም ሁለት ፈረስ ተባለ፤ ይህም ስም የተወሰደው ለመንግሥት ቀረጥ ከተመደበችበት ደረጃ ነው። ሞተሯ 375 ሴንቲ ሜትር ኩብ፥ ኀይሏም 9 ፈረስ ጉልበት ነበረ። ጋዜጠኞች ሣቁባት። አንዳንዱ ከቈርቈሮ ጣሳ ጋር አመሳሰላት፤ ሌላው በዊልስ ላይ የተቀመጠ ጎጆ አስመሰላት። ሰዎቹ በሣቁባት በጥቂት ወር ውስጥ ግን ለመግዛት የሚፈልገው ሕዝብ በዛ፤ ተራ ጠባቂው ሦስት ዓመት፥ በኋላም እስከ አምስት ዓመት መቆየት ግድ ሆነበት። በ1949 የተሠሩት 876 ብቻ ነበሩና፥ አንድ ጊዜ የተነዳች ደ ሸቮ ወዲያው ስለምትገኝ ከአዲሲቱ በበለጠ ዋጋ ትሸጥ ነበረ።

በዚህ ጊዜ ፋብሪካው ገንዘብ ላበዛለት ሰው ብቻ ሊሸጥ ይችል ነበረ። ነገር ግን ተራው ለሥራቸው መኪና ለሚያስፈልጋቸውና ሌላ መኪና ለመግዛት አቅም ለሌላቸው ሰዎች እንዲቀድም ተደረገ። የገጠር ሐኪም፥ አዋላጅ፥ ቄስና ገበሬ ከባለ ጠጋው ቀደሙ። ከሁሉ ይልቅ እኛን የነካን ይህ ነው፤ መኪናዋ ለማን እንደ ተሠራች በመሸጫውም ቀን አልተረሳምና።

ቡላንዤ የድካሙን ፍሬ ለብዙ ጊዜ አላየም። በኖቬምበር ወር 1950 ከክሌርሞን ፌራን ወደ ፓሪስ በሚወስደው መንገድ ላይ የፋብሪካውን ትልቅ መኪና ሲነዳ አደጋ ደርሶበት ሞተ። ዕድሜው 65 ዓመት ነበረ። በዚያ ጊዜ በመንገድ ላይ የነበሩት ደ ሸቮዎች ጥቂት ሺሕ ብቻ ነበሩ። ያንን ተሳቢ እየጎተተ ወደ ሐይቁ የሄደውን ቤተ ሰብ አላየውም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ይህች መኪና ተሳቢ ልትጎትት እንዴት ቻለች? ምስጢሩ ያለው ቡላንዤ ለገበሬው ብሎ ባሰባቸው ነገሮች ውስጥ ነው። አንደኛ፥ መኪናዋ ራሷ 500 ኪሎ ያህል ብቻ ስለምትመዝን ሞተሯ ጉልበቱን የራሷን አካል በመሸከም አይጨርስም። ሁለተኛ፥ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብላ ስትወጣ ትንሹ የሞተር ኀይል በጎማው ላይ በርትቶ ይገኛል፤ ይኸውም በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው በፍጥነት የምናጣውን በጉልበት እናገኘዋለን ማለት ነው። ሦስተኛ፥ ሞተሯ በነፋስ ስለሚቀዘቅዝ በረዥም ዳገት ላይ የሚፈላ ውሃ የለባትም። አራተኛ፥ በእያንዳንዱ ጐን የፊቱና የኋላው ጎማ ሞላዎች እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው። የድንች ከረጢት ከኋላ ሲጫን የመኪናዋ ፊት ቀና ብሎ መብራቱ ወደ ሰማይ እንዳያበራ፥ ነጂው ከተቀመጠበት ሆኖ መብራቱን ዝቅ የሚያደርግበት መዘውርም ተሠርቶላታል። ለድንቹ የታሰበው ለተሳቢውም ጠቀመ።

ይህ ማለት ግን ትንሽ መኪና የተጫነባትን ሁሉ ትጎትታለች ማለት አይደለም። እንደዚህ ያለ መኪና ያለው ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ደ ሸቮ የምትነዳው በፊት ጎማዎቿ ስለ ሆነ የተሳቢው ክብደት በማያያዣው ላይ እጅግ ከበዛ የመኪናዋ ኋላ ይረግጥና ፊቷ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ጎማዎቹ በዳገት ላይ መሬት ሊይዙ አይችሉም። ክብደቱ ወደ ተሳቢው ጭራ ከሄደ ደግሞ ተሳቢው እንደ እባብ እየተወራጨ መኪናዋን ያንገላታታል። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ በተሳቢው ጎማዎች አጠገብና በታች መጫን ይገባዋል። በቍልቍለትም ተሳቢው ከኋላ ስለሚገፋ በፍሬን ብቻ ሳይሆን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ያስፈልጋል። ተሳቢው ሲከብድና ነፋስ የሚገታው ከፍ ያለ ግድግዳ ሲኖረው ቤንዚኑም በዚያው ልክ ይጨምራል። ጥቂት ዕቃ ይዞ በዝግታ የሚሄድ ሰው ግን ቤንዚኑንም ዕረፍቱንም ያተርፋል።

የፈረንሳይ ሠራተኞች በ1956 ሦስተኛ የዕረፍት ሳምንት አገኙ። በዚያው ዓመት በስዌዝ ቦይ ምክንያት ቤንዚን በአውሮፓ ባጠረ ጊዜም ጥቂት የሚጠጣ መኪና ዋጋው ምን እንደ ሆነ ለሁሉም ተገለጠ። ከዚያም ቀደም ብሎ ዣክ ኮርኔና ኦንሪ ሎሾን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በአንዲት ደ ሸቮ ከካናዳ ተነሥተው እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ድረስ ሄደዋል፤ ከ50,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው ጕዟቸውም በቦሊቪያ ከ5,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በቻካልታያ ተራራ ላይ ወጥተዋል። መኪናዋ እስከ 1990 ድረስ ተሠራች፤ የመጨረሻዋም በጁላይ ወር በፖርቱጋል አገር ከሚገኘው የማንጓልዴ ፋብሪካ ወጣች። ከእርሷ የተወለዱት የዕቃ መጫኛዎችና ሌሎች ዓይነቶች ሲጨመሩ የተሠሩት ከአምስት ሚሊዮን ይበልጣሉ። ከጦርነቱ በፊት ከተሠሩትና ከተደበቁት የሙከራ መኪናዎች ሦስቱ በ1990ዎቹ በላ ፌርቴ ቪዳም በአንድ ጎተራ ውስጥ ተገኙ፤ ሠሪዎቻቸው ከሞቱ በኋላ ምስጢራቸውን እንደ ጠበቁ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ቈይተው ነበረ።

ይህን ታሪክ ለማዘጋጀት በተሰበሰብን ጊዜ ከመካከላችን ብዙዎቹ ትልቅ መኪና የሚያደንቁ ነበሩ። በመንገድ ላይ የሚያብረቀርቅ ረዥም መኪና ሲያልፍ ቆመን የምናይ ነን። አሁን ግን አንዲት ትንሽ መኪና ቤተ ሰብና ዕቃ ሞልቶባት ዳገት ስትወጣ ባየን ጊዜ ሌላ ነገር እናስባለን። አገራችን ቤንዚኗን ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ገዝታ የምታስመጣ ናትና አንድ ሊትር ያዳነ ሰው ለራሱም ለአገሩም እንዳዳነ እንቈጥረዋለን።

ውድ ተማሪዎች ጓደኞቻችን፥ ነገ ከመካከላችን መሐንዲስ፥ አናጢ፥ ነጋዴ ወይም የፋብሪካ አለቃ የሚሆን ይኖራል። ያን ጊዜ በጠረጴዛችን ላይ ወረቀት ዘርግተን ሥራ ስንጀምር፥ የምንሠራው ነገር ምን ያህል ያምራል ብለን ከመጠየቃችን በፊት፥ ይህን የሚጠቀምበት ማን ነው፥ ከረጢቱስ ስንት ኪሎ ይመዝናል ብለን እንጠይቅ። ትምህርቱን ያቋረጠው የሲን ለ ኖብል ልጅ በዚህ ጥያቄ ብቻ ባላገሩን ከጋሪ አውርዶ ከመኪና ላይ አወጣው። እኛም ትምህርታችንን እስከ መጨረሻው ለመከታተል የታደልን ልጆች ከእርሱ ያነሰ ጥያቄ ልንጠይቅ አይገባንም።